«ጠግበናል» የሚሉ ልጆች

የምገባ አስተባባሪ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንድ ትልቅ ብረት ድስት ሙሉ ቅንጬ ተሠራ። የበላነው እኔና ምግብ አብሳይዋ እትዬ ዘነበች ብቻ ነበርን።

ከዚያ በፊት በዚያው ከጎረቤላ በታች ባለው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ሲዳሩ ስለሆነ ከመጽሐፍ ቀና አልልም። ርዕሰ መምህሩ አቶ ግርማ አዲሱን ሥራ ሲሰጡኝ፣ «አንቺ ነገር ታጠብቂያለሽ፤ ቅንጬ ሲያርር ዝም አትይም» አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልለየሁትም።

ቅንጬውስ አላረረም። የስንዴው ክክ ተለቅሞ፣ ውሃው ፈልቶ፣ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ገብቶ እንደ ደንቡ ተሠራ። የጎደለው በላተኛ ነው።

አቶ ግርማ በሰልፍ ሰዓት ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ «ቤታችሁ ቁርስ ያልበላችሁ ወደ ማዕድ ቤት ሂዱ» ይላሉ። ማንም ንቅንቅ አይልም። ልጆቹ ያደጉት ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» ብለው፣ ተለምነው፣ ከዚያ በኋላ እንዲቀምሱ ነው። ሳይለመኑ ብድግ ማለት እናትን ማሰደብ ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ሁሉም ጾመኛ ይሆናል። አሕመድ ሳይቀር ዓርብ ጠዋት «ጾም ነኝ» አለኝ፤ በየትኛው ሥርዓት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ሁሉም የሚያዩት ብርቄን ነበር። ብርቄ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሳይነጋ ተነሥታ ዳገቱን ወጥታ ትመጣለች፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። እሷ «ጠግቤያለሁ» ካለች ማንም አይርበውም።

ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ሞልቶ የቀረውን ድስት አየና፣ «በሚቀጥለው ስመለስ እንዲህ ካገኘሁት እህሉን መዘዞ ከተማ በኩል ልጆቹ ለሚበሉበት ትምህርት ቤት እንሰጠዋለን» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው።

ብርቄን ቤተ መጻሕፍት ጠርቼ ለምን እንደማትበላ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ሰው እንዲህ ይጠራል?» አለች። «ላም እንኳ በስሟ ነው የምትጠራው።»

«እንዴት ይጠራ ታዲያ?»

«እንደ ሰው ነዋ። ‹ኑ ግቡ፣ ቁርስ ደርሷል› ተብሎ። እምቢ ሲል እጁን ይዞ።»

«እንግዲያውስ አንቺ ጥሪያቸው።»

«እኔ?»

«አንቺ። ግን አስተናጋጅ ሳይቀምስ አያቀርብም፤ የእናትሽ ቤት እንደዚያ አይደል?»

«ነው» ብላ ሳቀች። በራሷ ደንብ እንደተያዘች ሳይ ደስ አለኝ፤ አልደበቅሁትም።

በማግሥቱ ድምፅ ማጉያው ቢሮ ውስጥ ተቆለፈበት። አቶ ግርማ ትንሽ አኮረፉ። ብርቄ በነጠላዋ ወገቧን አሥራ በማዕድ ቤቱ በር ቆመች፤ በሁሉም ፊት አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ሁለተኛውን ማንኪያ ማንም አላዘዛትም። ከዚያ፣ «አሕመድ፣ ና ግባ» አለች።

«ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ።»

«ኧረ በልቻለሁ።»

«በሞቴ አልኩህ፤ ስንቴ ልሙትልህ?»

ሰልፉ ሳቀና አሕመድ ገባ። ሌሎቹም ልመናቸውን ለመቀበል ተራ ያዙ። አንዳንዱ መለመን ጥሞት ሳህኑን ተቀብሎ እንኳ «ጠግቤ ነበር» ይላል። እትዬ ዘነበች፣ «ይኼ ሁሉ የጠገበ ሰው ድስቴን ላሰው» አለች።

ባለሙያው ሲመለስ በቀጥታ ድስቱን ሊያይ ገባ። ብርቄ ቀምሳ አንድ ሳህን ዘረጋችለት።

«በልቼ ነው የመጣሁ፣ የኔ እህት።»

«በሞቴ» አሉ በረድፍ የተቀመጡት በሙሉ።

ሰውዬው በላ፤ ደገመም። እህሉ እኛ ዘንድ ቀረ፤ ብርቄም ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነቅታ መምህራኑን በጥያቄ ታስቸግር ጀመር።

በዚህ ሥራ ለምትተኩኝ የምለው አጭር ነው። ልጆችን ለቁርስ የሚጠራውን ሰው መምረጥ፣ ድስት ከመጣድ በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ ነው።