ግማሹን እርሾ የወሰደው ሰው

ሊይዙኝ የመጡት ደብዳቤ ሲፈልጉ ነበር፤ ይዘው የሄዱት ግን ባልዲ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የምኖረው ሐዋሳ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በተከራየኋት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ሚስት የለኝም፤ ከማስተማር የተረፈኝን ጊዜ የማሳልፈው ቤቴ ውስጥ ቢራ በመሥራት ነበር። ከዚያ ሳምንት በፊት በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ያለ ክስ የታሰሩ ሦስት ተማሪዎቻችን ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ የሚጠይቅ ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ፣ ጮክ ብዬ ያነበብኩትም እኔው ነኝ። ስጨርስ አዳራሹ በሙሉ የገዛ ጫማውን ያይ ጀመር።

ለፍተሻ የመጡት ፖሊሶች አራት ናቸው። መጻሕፍቴን አራገፉ፣ ፍራሼን ገለበጡ፣ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አገኙት። እሱ ሊበቃቸው ይገባ ነበር። አንዱ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ኖሮ ሌሎቹን ጠራቸው። ሙቀቱ እንዳያበላሸው እርጥብ ፎጣ የጠመጠምኩበት ትልቅ ነጭ ባልዲ፣ ክዳኑ ላይ በተሰካችው ጠማማ ቧንቧ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይተነፍሳል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቢራ ነው።»

«ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ነው የሚሆነው።»

«ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት እንዲህ ነው።»

አልሳቀም። እኔም ለማሳቅ ብዬ አልነበረም።

አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ባልዲውን፣ ቧንቧውንና የመጀመሪያውን የብቅል ሽሮፕ ያመጣልኝ ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሽሮፑ ሲያልቅ ከገበያ የገብስ ብቅል እየገዛሁ ማፍላት ጀመርኩ። እንደ ጌሾ መራራ የሚያደርገው ሆፕ የሚባለው ተክል፣ ተፈጭቶና እንደ ዶሮ መኖ ተጠፍጥፎ በብር ወረቀት ታሽጎ ነው የመጣው፤ እሱን እየቆጠብኩ እጠቀማለሁ። ዋናው ግን እርሾው ነበር። የቢራ እርሾ እዚህ ከተማ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ቢራው ወደ ጠርሙስ ከተገለበጠ በኋላ ባልዲው ሥር የሚቀረውን አተላ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አጥቤ፣ ቀቅዬ ባጸዳሁት የማርማላታ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ቀጣዩ ቢራ በእሱ ይነሣል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስተኛ ዙር ላይ ደርሻለሁ።

ይህን ሁሉ ስናገር አንዱ ሆፑን አሸተተና «ሐሺሽ ነው እንዴ?» አለ። ሌላው ፍሪጁን ከፍቶ የእርሾውን ጠርሙስ አወጣ። ሦስተኛው የሥራ ማስታወሻዬን ያገላብጣል። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእጄ ጽሑፍ «ሦስተኛ ዙር። እርሾው ደህና ነው። ግማሹ ተሰጠ።» ይላል።

ባልዲውን ሊወስዱ ሲያነሡት አለቃቸው ቧንቧዋን ነቅሎ ለብቻዋ ፌስታል ውስጥ ከተታት። ቀዳዳውን በሰፊ ፕላስተር ደፈነው። ከዚያ ክዳኑን ዙሪያውን በፕላስተር ጠመጠመው።

«እባክዎ አይድፈኑት» አልኩት። «ገና እየፈላ ነው። ትንፋሹ መውጫ ካላገኘ ይፈነዳል።»

«ማስረጃ ታሽጎ ነው የሚቀመጠው» አለኝ። «ደንብ ነው።»

ይህንን ዓረፍተ ነገር እስካሁን ሳስታውሰው ጥርሴን ያፋጨኛል። ለደብዳቤዬ ፖስታ እንኳን ያልፈለጉ ሰዎች፣ ለባልዲዬ ደንብ ነበራቸው።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የታሰርኩበት ክፍል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ፤ ከላይ እጅ የምታክል መስኮት አለች። በእሷ በኩል የባጃጅ ጡሩምባ ይገባል። መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ጫማዎች ነው፤ ሁሉም ማሰሪያቸው ወጥቷል። ብዙ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እስከ መጨረሻው አብረውኝ የቆዩት ግን ከቡሹሎ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ሲዳማ ናቸው፤ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጠጥ የሚባል ነገር ቀምሰው አያውቁም።

«አንተ ለምን መጣህ?» አሉኝ።

«ለደብዳቤና ለቢራ። እርስዎስ፣ አባባ?»

«ስብሰባ ላይ 'መሬቴን ለምን ትለካላችሁ?' አልኩ። መልስ የለም። እዚህ አመጡኝ።» ቀጥለውም «ቢራ ግን ጥሩ አይደለም» አሉ። ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

በማግስቱ እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከኮሪደሩ ወዲያ ማዶ ድው የሚል ድምፅ ተሰማ። የቦቲ ጫማ ሮጠ፤ ሰው ጮኸ፤ «ተኛ! ተኛ!» የሚል ተሰማ። ባልዲው የተቀመጠበት ማስረጃ ክፍልም ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱን አስቡት። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ የብቅሉ ሽታ በበሩ ሥር ገባ፣ ሳቄም ሄደ፤ ይህንን ነገር በማን ላይ እንደሚያላክኩት ገብቶኛል።

ኮሪደሩን ልታጸዳ የተጠራችው የጽዳት ሠራተኛ በራችን አጠገብ ስትደርስ «ውይ፣ ይሄማ ጠላ ነው! ኧረ ምነው ያስፈራችሁኝ?» ስትል ሰማኋት። አንድ ወንድ «ሥራሽን ሥሪ!» አላት። ከዚያ በኋላ መወልወያዋ ብቻ ነው የተሰማው። ስለዚህ አላወቁም እንዳትሉኝ። ጣቢያው በሙሉ ቢራ ቢራ እየሸተተ ነው ምርመራው የተካሄደው።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው ፊት ቀረብኩ። በዕድሜ ያንሰኛል፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ነው። መጀመሪያ ላይ «መምህር፣ ይቀመጡ» ብሎ በእርስዎ ጀመረ።

«ፈንድቷል» አለኝ።

«መተንፈሻውን ስለደፈናችሁት ነው። ተናግሬ ነበር።»

«ፈንድቷል ወይስ አልፈነዳም?»

«ለስላሳም ተንጦ ሲከፈት እንደዚያ ነው። ከተረፈው አምጡና ፊትዎ ልጠጣው።»

«ማስረጃ አይጠጣም።»

ማስታወሻዬን ገለጠና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። «ግማሹ ተሰጠ፣ ይላል። ለማን?»

እዚህ ላይ ስለዚያ ሰው ልናገር። የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቢሯችን አንድ ኮሪደር ላይ ነው። መጠጥ በሚከለክለው ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ዘማሪ ነው፤ አባቱ እዚያው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። አንድ ቀን ከሰዓት ቤቴ መጥቶ ቢራውን ቀመሰ፤ ሁለት ጊዜ አስጨመረኝ፤ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከእርሾው ትንሽ ትሰጠኛለህ?» አለኝ። እኛ ዘንድ እርሾ የጠየቀን ሰው አይመልሱትም፤ ለምን ፈለግኸው ተብሎም አይጠየቅም። ይህ ከእናቶቻችን የመጣ ነው፤ ጎረቤት ስትጠይቅ ዕቃዋን ተቀብሎ ሞልቶ መስጠት ነው። እኔም አንድ ጠርሙስ ቀቅዬ፣ ግማሹን ቀድቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ምን ያህል እንደቀረኝ እንዳልረሳ ነው። ደግነቱ ስሙን አልጻፍኩም።

መርማሪው ምን እንደፈለገ ቆይቶ ነው የገባኝ። ደብዳቤው የአንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቡድን አይሆንም፤ ክሱ እንዲያምር ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። እርሾውን የወሰደው ሰው ለዚያ ነው የተፈለገው። ቢራ እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

አንድ ወረቀት ገፋልኝ። አናቱ ላይ «የሚፈነዳ ፈሳሽ ከግብረ አበሬ ጋር ስለማዘጋጀቴ የሰጠሁት ቃል» ተብሎ ተተይቧል። ከሥሩ ባዶ መስመር ነው፤ ጀርባውም ባዶ መስመር ነው።

«በራስህ እጅ ትጽፈዋለህ» አለኝ። እርስዎ ማለቱ እዚህ ላይ አበቃ። «የወሰደውን ሰው ስም ትጽፋለህ፣ ትፈርማለህ፤ ነገ ቤትህ ነህ። ካልሆነ ፋይልህ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ እንደ እኔ ቁጭ ብሎ የሚያወራህ የለም። እስከ ከሰዓት አስብበት።»

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ለአዛውንቱ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሰውየውን ስም ብቻ አስቀረሁ። ራሳቸውን ይዘው አዳመጡኝ።

«ሰውየው ያውቃል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አንተ ስሙን እንደያዝክ።»

«ከየት ያውቃል፣ አባባ?»

«እንዲያውቅ ትፈልጋለህ?»

እፈልግ ነበር፤ በጣም እፈልግ ነበር። እዚያ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ ልጆቹን እንደሚያቅፍ፣ ማታ ራቱን እንደሚበላ ሳስብ፣ ቢያንስ ይህን በማን ምክንያት እንዳገኘ ይወቅ እል ነበር። አፍሬበታለሁ፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

«እኔ መጠጥ አልወድም» አሉ አዛውንቱ። «ልጆቼንም ከልክያለሁ። ስትወጣ አንተም ተው። ግን ቢራ ሠርተህ ቦምብ ሠራሁ ብለህ ከፈረምክ፣ ይሄ ከመጠጥ ይብሳል። ሌላ ሰው ይዘህ ስትገባ ደግሞ...» እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ።

ከሰዓት ስመለስ ብዕር ጠየቅኩ። መርማሪው ደስ ብሎት የራሱን ሰጠኝ። እኔም መጻፍ ጀመርኩ። ብቅሉ በምን ያህል ውኃ እንደሚዘፈዘፍ ጻፍኩ። ውኃው ምን ያህል ሊሞቅ እንደሚገባው፣ ለምን ከዚያ ማለፍ እንደሌለበት ጻፍኩ። ሆፑ ሲፈላ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚገባ፣ ለመራራነት መጀመሪያ፣ ለመዓዛ መጨረሻ፤ እርሾው ከመግባቱ በፊት ፈሳሹ ለምን መቀዝቀዝ እንዳለበት፤ አተላው እንዴት እንደሚታጠብ፤ ባልዲው ለምን መተንፈሻ እንደሚያስፈልገውና ቢደፈን ምን እንደሚሆን። ይህን የመጨረሻውን ከሥሩ አሰመርኩበት። ለፈተና እንደሚጽፍ ጎበዝ ተማሪ ፊቱንም ጀርባውንም ሞላሁት።

ከታች ሦስት መስመር ያህል ተረፈ። መምህራን የፈተና ወረቀት ስንሰበስብ የምናደርጋት ነገር አለች፤ ተማሪው ያልጻፈበትን ባዶ ቦታ፣ በኋላ ማንም ገብቶ እንዳይጨምርበት፣ በሰያፍ መስመር እንዘጋዋለን። ሦስቱንም መስመሮች ዘጋኋቸው። አናቱ ላይ የተተየበውን ርእስ በአንድ መስመር ሰርዤ «የቢራ አሠራር» ብዬ ጻፍኩበት። ፊርማዬን ከመጨረሻው ቃል ጋር አጣብቄ ፈረምኩ። ስም ቀርቶ ነጥብ የሚያስገባ ቦታ አልነበረውም።

አነበበው። ገልብጦም አነበበው።

«ስሙስ?»

ረሳሁት ማለት እችል ነበር። አላውቀውም ማለትም እችል ነበር። «አልነግርዎትም» አልኩት።

በጥፊ መታኝ። መነጽሬ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አንዱ መስታወት ተሰነጠቀ። አንሥቼ አደረግኩት። ወረቀቱን ሊቀደው ይዞት ነበር፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ፋይሉ ውስጥ ከተተው። ማስረጃ አይቀደድም መሰለኝ፤ ደንብ ነው።

ፋይሌ አዲስ አበባ አልሄደም። እኔ ግን ከሁለት ወር በላይ እዚያው ቆየሁ። ፍርድ ቤት አላየሁም፣ ክስ አልተነበበልኝም። አንድ ቀን ጠዋት «ዕቃህን ያዝ» ተባልኩ። ለምን እንደታሰርኩ ስጠይቅ በረኛው «ዕድለኛ ነህ፣ ዝም ብለህ ውጣ» አለኝ። ሰው ያለ ጥፋቱ ሁለት ወር ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ሲወጣ ዕድለኛ የሚባልበት አገር ነው። አዛውንቱን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ፤ እጃቸውን ስሜ።

ባልደረባዬ አሁንም ባልደረባዬ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ኮሪደሩ ላይ ሲያየኝ ወደ ላቦራቶሪው ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ፒያሳ ካፌ በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወጣህ» አለኝ፤ ዓይኑ ግን ማን እንደሚያየን መንገዱን ይቃኛል። ምን ጠየቁህ አላለኝም። ስሙ እንዳልተጠራ ያውቃል፤ ተጠርቶ ቢሆንማ ያን ጊዜውኑ መጥተው ይይዙት ነበር። ሰላምታዬን ዛሬም በአገጩ ነው የሚመልሰው።

ይህ ያናድደኛል። ከጥፊው የበለጠ የሚያናድደኝ ቀንም አለ። ይህን ጽሑፍ አስቀድማ ያነበበችው እህቴ «እንዲህ ላደረገህ ሰው ስሙን የምትደብቅለት ምን ስለሆነልህ ነው? ጻፈው፣ ይፈር!» አለችኝ። ንዴቷ ንዴቴ ነው፤ ብዕሬንም አንሥቼ ነበር። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ስሙን የያዝኩት እሱን ስለወደድኩት አልነበረም፤ ስሙ የእኔ ስላልሆነ ነው። አሁንም የእኔ አይደለም።