ጀሪካኖቹን ያጠብን ቀን

ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ ሰፈራችን አንድ ቦኖ ውሃ ነበረው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቁልፍ፣ የማያልቅ ወረፋ። ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ቀጠሮ ይሰጥና ይቀራል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በመጣለት ቀን የቻለውን ያህል ቀድቶ በበርሜልና በጀሪካን ያከማቻል። የተከማቸው ውሃ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ያወጣል፣ ያንኑ ሕፃናት ይጠጡታል። የጎረቤታችን ሕፃን፣ ገና ድዱን እያሳየ የሚስቅ ልጅ፣ በዚያ ክረምት ተቅማጥ እየያዘው ጤና ጣቢያ ተመላልሷል። ያንን ልጅ በጣም እወደው ነበር። የወጣቶቹ ክበብ ውስጥ የገባሁት ለሌላ አይደለም፣ ለእሱ ብዬ ነው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ክበባችን ቀበሌው ባዋሰን ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሰበሰቡ ስድስት ሰባት የሰፈር ልጆች ናቸው። ሰው ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ለማስተማር መጀመሪያ የሞከርነው ድራማ ነው። ጀርም ሆኖ የተወነው ከሁላችን ረጅሙ ልጅ ነበር፤ የእናቱን አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ፣ ጭንቅላቱ ላይ ወንፊት ደፍቶ። ሕፃናቱ እንዲፈሩት ነበር ያሰብነው። ወደዱት እንጂ! በሄደበት ሁሉ «ጀርምዬ! ጀርምዬ!» እያሉ ይከተሉታል። እናቶቻቸውም ውሃ ማፍላቱን ረስተው፣ «ያ የሚያስቀን ልጅ ደግሞ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉን ጀመር።

በዓለም ዙሪያ ለንጹህ ውሃ የሚሠሩ ወጣቶች የሚጻጻፉበት አንድ ማኅበር ነበር። እኛም ኡራኤል ያለ ኢንተርኔት ቤት ሄደን አንድ ኮምፒውተር ላይ ተደራርበን እንጽፍላቸዋለን። ኔፓል ያሉት ልጆች ከተራራ ላይ ቧንቧ ይዘረጋሉ። ኬንያ ያሉት ጉድጓድ ይቆፍራሉ። እኛ «ጀርማችንን ጉንፋን ስለያዘው ትርኢቱ ለሌላ ቀን ተላልፏል» ብለን ጻፍን። ይቀልዱብናል ስንል ማኅበሩ አንድ ትልቅ ታንከር ሊሰጠን ቃል ገባ። ታንከር ካለ ፈረቃው ሲመጣ ይሞላና ሰው በየቀኑ ንጹህ ውሃ ይቀዳል፤ ማከማቸትም አረንጓዴም ቀረ ማለት ነው። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የቦኖው ተጠቃሚዎች ተሰብስበው «ቁልፉ ለወጣቶቹ ይሰጥ» እንዲሉ። ስብሰባው ለእሁድ ከቅዳሴ መልስ ተቀጠረ።

ቁልፉ ያለው የእድሩ ሰብሳቢ ኪስ ውስጥ ነበር። ጋሼ ነው የምንላቸው። የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ እኛ ደጅ ቆመው ሲጣሩ ሜክሲኮ ያለ ወያላ ዞር ይላል። ስለ ታንከሩ ልንነግራቸው ስንሄድ፣ «መጀመሪያ አፍንጫችሁን ጥረጉ» ብለው በሩን ዘጉብን።

በሰፈራችን ለውሃ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ሰው ጀሪካኑን ከዋዜማው ጀምሮ ቦኖው ፊት ደርድሮ ቤቱ ይገባል፤ ተራው ሲደርስ ብቅ ብሎ ይቀዳል። ጀሪካኖቹ ሁሉም ያው ቢጫ የዘይት ጀሪካን ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው። አንዷ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች፣ ሌላዋ የጥፍር ቀለም ትቀባዋለች፣ የአንዱ ቤት ደግሞ አሮጌ ክራቫት ነው። ወረፋውን ያየ ሰው የሰፈሩን ሰው በሙሉ ያየ ያህል ነበር።

ከስብሰባው በፊት ባለው ዓርብ ከሰዓት ጀሪካኖቹን እንጠብላቸው የሚል ሐሳብ መጣ። ማን እንዳመጣው ዛሬም ስንገናኝ እንከራከራለን፤ እኔ እንዳልሆንኩ ብቻ እርግጠኛ ነኝ። ወረፋ ይዘው የቆሙትን ጀሪካኖች ሰብስበን ከየቤታችን በርሜል ባመጣነው ውሃ ላይ ጠጠርና ዱቄት ሳሙና ጨመርንባቸው፣ ቴፕ ከፍተን እየጨፈርን ናጥናቸው። አረንጓዴው ሲወጣ ብታዩ ደስ ይላል። ከዚያ ዓይናችን እጀታዎቹ ላይ አረፈ። ያ ሁሉ ያደፈ ጨርቅ! የጀርም ቤት ነው አልን። ጨርቁን ፈትተን አቃጠልነው፣ ቀለሙንም በቢላ ፋቅነው። ቢጫ ወርቅ የመሰሉ ጀሪካኖች ቀጥ ባለ መስመር ደርድረን፣ ለኔፓሎቹ የምንልከውን ፎቶ አነሳን።

ፎቶውን ሳንልክ የመጀመሪያዋ እናት መጡ።

«የኔ የቱ ነው?»

«ሁሉም ንጹህ ነው እትዬ፣ የፈለጉትን ይውሰዱ» አለ ጀርማችን፣ ደረቱን ነፍቶ።

«የምፈልገውማ ቀይ ጨርቅ ያለውን ነው!»

ጨርቁ አመድ ሆኗል። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዱ አባወራ «የኔ ላምባ ላምባ ይላል» ብለው እያንዳንዱን ጀሪካን አሸተቱ፤ ሽታውንም አጥበነዋል። አንዷ ደግሞ «የኔ ውስጡ ጠጠር አለው፣ ሲወዘወዝ አውቀዋለሁ» ብለው ጆሯቸው ላይ ወዘወዙ። አሁን ሁሉም ውስጥ ጠጠር አለ። ሁለት ሴቶች አንድ ጀሪካን ግራና ቀኝ ይዘው ሲጓተቱ ጋሼ ደረሱ።

«እሁድ ቁልፍ ስጡን የምትሉት እናንተ ናችሁ?» አሉን።

«በቃ ተበላን» አለ ጀርማችን ቀስ ብሎ። እኔ ማልቀስ አማረኝ። ታንከሩ በገዛ እጃችን ከእጃችን ሲወጣ ታየኝ፤ ያ ድዳም ሕፃንም ሌላ ክረምት አረንጓዴ ውሃ ሊጠጣ ነው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ውሃው መጣ። ጋሼ ቦኖው ላይ ቆመው፣ «ጀሪካኑ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ሁሉም ያገኘውን ያንሳ! ወረፋውን ግን ሰው ራሱ ይቁም!» ብለው አወጁ። ሰውም ምን ያድርግ፣ ቆመ። ጋቢ የተከናነበው፣ ፀጉሯን በቢጎዲን የጠቀለለችው፣ አንድ ጫማ ከወንድሙ አንድ ከራሱ ያደረገው፣ ሁሉም በተራ። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ወረፋ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ከፊት እስከ ኋላ ሰልፉን እየተቆጣጠሩ ሄደው ጅራቱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት እማማ ነበሩ። ከወሎ በሙሽርነታቸው የመጡ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ትልቋ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤታቸው እምብዛም የማይወጡ ሴት ናቸው።

«እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አሉ ጋሼ።

«ወረፋዬ ነዋ። ጀሪካኔ ሁሌም እዚሁ ጭራው ላይ ነው የሚቆመው።»

«ምልክቱ ምን ነበር?»

«አረንጓዴ ሻሽ።»

አረንጓዴ ሻሽ ያለበትን ጀሪካን የማያውቅ የለም። ሰው ሁሉ ቀድቶ ከገባ በኋላ ስለሚሞላ ባለቤቱን ያየ አልነበረም፤ ላይኛው ቤት የተከራዩት ተማሪዎች ጀሪካን ነው ብሎ ሰው ሁሉ ስለሚያስብ፣ የቸኮለ በእግሩ ገፋ አድርጎ የራሱን ያስቀድማል። እናቴ ስትገፋው አይቻለሁ። ጋሼንም አይቻቸዋለሁ።

«የልጆቹ መስሎኝ እኮ ነው… ማለቴ…» አሉ ጋሼ። ያን የመሰለ ቀጭን ድምፅ ከእሳቸው ጉሮሮ ይወጣል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

«አብሽሩ» አሉ እማማ። «ጀሪካን ሽበት የለው፣ በምን ያውቁታል?»

ጋሼ ጀሪካናቸውን አንስተው፣ ክንዳቸውን ደግፈው ወደ ፊት ሊወስዷቸው ሲሉ እማማ እንቢ አሉ። «ኧረ ተዉኝ! ከዚች ልጅ ጋር ወግ ይዘናል። መውለዷን እንኳ አላወቅሁም ነበር።» የጎረቤታችን ሕፃን ክንዳቸው ላይ ሆኖ ሻሻቸውን ይጎትታል። ፊት ያሉትም ዞር እያሉ ከእማማ ጋር ማውጋት ጀመሩ። በዚያ ጠዋት ተራው ደርሶት እንኳ ጨዋታው እንዳያመልጠው ሌላውን የሚያሳልፍ ነበር።

እሁድ ስብሰባው ላይ ጋሼ ቀድመው ተነሱ። አንገቴን ደፋሁ።

«እነዚህ ልጆች ጅሎች ናቸው» አሉ። «የሰው ምልክት ጀርም ነው ብለው የሚያቃጥሉ ጅሎች። ግን ባያቃጥሉት እማማ ጭራው ላይ መሆናቸውን ማን ያይ ነበር? ቁልፉ ይሰጣቸው።» ብለው ተቀመጡ። እጅ ሲወጣ እማማ ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ፤ «አንዱ ይበቃል» ሲባሉም አላወረዱም።

ታንከሩ መጥቶ በብረት እግሩ ላይ ቆመ። ለኔፓሎቹ በደስታ ብዛት ፊደል እየገደፍን ጻፍንላቸው። ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስንጎራደድ ከንቲባ አክል ነበር። ውሃው በየቀኑ ይቀዳል፣ በሚቀጥለው ክረምት ሕፃኑን ጤና ጣቢያ የወሰደው የለም፤ ጥርስም አበቀለ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቦኖው ስወርድ እማማ ባዶ ጀሪካናቸውን አጋድመው ተቀምጠውበታል። ሌላ ሰው የለም።

«እማማ፣ ክፍት ነው እኮ። ልቅዳልዎት?»

«ይቆይ ልጄ።»

«ምን ይጠብቃሉ?»

«ሰው ይመጣ እንደሆን ብዬ ነው።»

አንዲት ሴት መጣች፣ ሰላምታ ሰጠች፣ ቀዳችና ሄደች። ከዚያ አንድ ልጅ እየሮጠ መጥቶ እየሮጠ ተመለሰ። ማን ይቁም? ውሃው አለ። ለዚያ ታንከር ስንት ስንታገል ወረፋው አብሮ እንደሚጠፋ አንድም ቀን አልታየኝም። ቤታችን ውሃ ሞልቶ ነበር። ሄጄ ባዶ ጀሪካን አመጣሁና ከእማማ ኋላ ተሰለፍኩ።