ከማንኩሳ የመጣችው ልጅና የአሞኒያ ኒውትሮኖች

የጠመኔ ብናኝ ሲሸተኝ አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ። ብትስቁም ሳቁ፤ የእኔ ቅናት ጠረኑ እሱ ነው።

አምና ነው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በኬሚስትሪ የሚቀድመኝ አልነበረም፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። ከዚያ አንዲት የቄስ ልጅ ከማንኩሳ ተዛውራ መጣችና ከፊቴ ተቀመጠች። ጸጉሯ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። መምህራችን በአንድ ሞል ውሃ ውስጥ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ ሲጠይቅ፣ እኔ እስክሪብቶ ሳነሳ እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጨረሰችው። በአንዱ ሞለኪውል አሥር፣ ያንን በአቮጋድሮ ቁጥር ማባዛት ነው አለች፤ በቃ። መምህሩ ፈገግ አለ። ለእኔ እንደዚያ ፈገግ ብሎ አያውቅም።

"ንግሥታችን፣ ዙፋኑ ተነቃነቀ እንዴ?" አለኝ ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ።

ቡሬ ለሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር ከክፍላችን የሚሄደው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር። መምህሩ ሁለታችንን ሰሌዳ ላይ አወጣንና በአንድ ሞል አሞኒያ ውስጥ ያሉትን ፕሮቶን፣ ኒውትሮንና ኤሌክትሮን ደምረን እንድናሰላ አዘዘን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዓይኔ ከራሴ ቁጥር ይልቅ የእሷ ከንፈር ላይ ነበር። ቀድሜያት ጨረስኩ፤ በአንዱ ሞለኪውል ሠላሳ ብዬ፣ አባዝቼ፣ ከሥሩ አስምሬበት። እሷ ሃያ ሰባት ብላ ጻፈች። ሃይድሮጅን ኒውትሮን እንደሌለው በእንቅልፌም አውቃለሁ፤ ለሦስቱም አንዳንድ አድዬላቸው ነበር።

"ምነው ልጄ፣ ሃይድሮጅንን የሌለውን አሸከምሽው?" አለ መምህሩ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። አሁን ስጽፈው ራሴ እየሳቅኩ ነው።

የተመረጠችው እሷ ሆነች፤ ወደ ቡሬ በምትሄድበት ቀን ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ልሸኛት አልነበረም፤ መኪናው አልነሳም ሲል ባይ ደስታዬ ነበር። የናፍጣ ጭስ፣ የረዳቶች ጩኸት። አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው ራቅ ብለው ቆመዋል። እሷ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች፤ በመስኮቱ በኩል ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትቆጥር መስሎኝ ነበር፣ ስጠጋ ጸሎት ነው። ስታየኝ መስታወቱን ከፈተች።

"ከማንኩሳ ወዲያ ሄጄ አላውቅም" አለችኝ። "እስኪነሳ እጄን ያዥኝማ።"

እጇ ቀዝቅዟል፣ በላብ ርሷል። ቅናቴ የትም አልሄደም፤ እዚያው ደረቴ ውስጥ ነበር። ግን ያዝኳት። ረዳቱ በሩን ዘጋ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጇን ቀድማ የሳበችው እሷ ናት፤ እኔ ገና አልለቀቅኩም ነበር።