«ውሃ ጠጪ» ተብላ የተመለሰችው ልጄ

«የሽንት ኢንፌክሽን የሌለባት እርጉዝ የለችም። ውሃ ጠጪ፣ ይለቅሻል።»

ልጄ ሰሚራ ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ካለ አንድ ክሊኒክ ያለ መድኃኒት የተመለሰችው ይህን ተብላ ነው። (በኮምቦልቻ ሙቀት ውሃ ለመጠጣት የሐኪም ትእዛዝ አያስፈልግም።)

ዛሬ፣ ገና በሰባት ወሯ፣ ምጥ ጀመራት። ደሴ አምጥተን ሆስፒታል አስገባናት።

«ኢንፌክሽኑ ኩላሊቷ ደርሷል፤ ምጡን ያመጣው እሱ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ ሐኪሙ። ምጡን ለማቆም እየሞከሩ ነው።

«አባዬ፣ ይቆማል አይደል?» ትለኛለች። «ኢንሻ አላህ» እላታለሁ።

እንዲህ ተብላችሁ የተመለሳችሁ እህቶች ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

ክሊኒኩ ደግሞ ኢንፌክሽኑን እያየ ለምን እንዳላከማት እስከ ፊታችን ዓርብ በጽሑፍ ይመልስልኝ። በስልክ ይቅርታ አልቀበልም።