የቡላ ስም

በርበሬ የነበረበት ጆንያ ቢያራግፉት፣ ቢያጥቡት፣ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ሽታው አይለቅም። ባለፈው ወር ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጠርተውኝ ቤታቸው ስገባ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝና በቆምኩበት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ። ጥግ ላይ፣ አራት ታጥፎ በተነጠፈ የበርበሬ ጆንያ ላይ፣ ጡጫ የሚያክል ጥቁር ቡችላ ያስነጥሳል፤ ያስነጥስና ያለቅሳል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡሬ ገበያ በርበሬ የነገዱት እትዬ ብርቄ ደግሞ እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው ከሸቀጣቸው በላይ ቀልቷል።

«አንቺ ልጅ፣ ውሻ ታውቂ የለም እንዴ? እንዲያው ሦስት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ልጆቹ ሌባ በዝቷል ብለው አመጡብኝ እንጂ፣ እኔስ ከውሻ ጋር ምን አለኝ!» አሉኝ።

ከውሻ ጋር ምን እንዳላቸው እኔ አውቃለሁ።

ያኔ የምንኖረው እሳቸው ግቢ ተከራይተን ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው የሰው ድምፅ የማያሰማ አንድ ክፍል ቤት። አባቴ ገጠር ካለ ዘመዱ ዘንድ ቡላ ቡችላ ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ አመጣልኝ፤ ስሙንም ከጠጉሩ ወስደን ቡላ አልነው። አባቴ ነገር ያውቅ ነበር፤ አሮጌ ነጠላ ከእናትየዋ ስር አንጥፎ አሳድሮ፣ ሽታዋን እንደያዘ አብሮ ይዞት መጣ። እሱን አነጠፍንለት። ምድጃ ዳር የሞቀ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለን ጎኑ አደረግንለት፣ የእናቱ ሆድ እንዲመስለው። «ሲያለቅስ እንዳትጮኺበት። እናቱን ያጣ ነው፤ አንቺስ ብትሆኚ? ደረቱን እያሻሸሽ ስሙን ቀስ ብለሽ ጥሪው» አለኝ። በመጀመሪያው ሌሊት ቡላ ግቢውን በልቅሶ አፈረሰው። በሁለተኛው ግማሹን ሲያለቅስ፣ ግማሹን ጣቴን ሲጠባ አደረ። በሦስተኛው፣ አፌ ስሙን በመጥራት እስኪዝል ድረስ ጠርቼው፣ ጭጭ ብሎ ተኛ። በማግስቱ ትምህርት ቤት የሄድኩት ሰባት ልጅ አሳድጋ እንደዳረች ሴት እየተንጎራደድኩ ነው።

በነዚያ ቀናት ግን የእትዬ ብርቄ ባል ታመው ተኝተው ነበር። ውሻ ሲያላዝን ሞት ይጠራል ይባላል እኛ ዘንድ፤ እሳቸውም የቡችላውን ልቅሶ ማላዘን አደረጉት። «ባሌን ሊያስወስድብኝ ነው!» ብለው፣ እኔ ክፍል ውስጥ ማባዣ ስደግም፣ ቡላን ባዶ የበርበሬ ጆንያ ውስጥ ከተው፣ የጆንያውን አፍ በሲባጎ አስረው ለባለ ጋሪ ሰጡት። ዝም ባለ በማግስቱ! እናቴ ቆማ አየች። በሰው ቤት ተከራይታ ምን ትበል? «ሰው ታሞ ስለ ውሻ አይወራም፤ ዝም በይ» አለችኝ። ዝም አላልኩም። ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ እግሬ እስኪደማ ሮጥኩ። ባለ ጋሪውን ሲመለስ አገኘሁት፤ ፈረሱን እያጠጣ ሳቀብኝ። «ያ ቡችላሽ መንገዱን ሙሉ ሲያስነጥስ፣ እኔንም ያስነጥሰኝ ጀመር እኮ!» የት እንደጣለው ግን አልነግር አለኝ። ታማሚው በሳምንቱ ድነው ተነሱ፤ ከዚያም ስምንት ዓመት ሙሉ ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡ ኖረው ነው የሞቱት።

እኔ በቀል እያሰብኩ አደግኩ። አንድ ጊዜ ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲመጣ፣ የተሰጣ በርበሬያቸውን አየሁ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ሳልጣራ ቁጭ አልኩ። በርበሬው ሻገተ። አልበቃኝም። የራሳችንን ቤት ሠርተን ስንወጣም ቤቱ ከአጥራቸው ማዶ ሆነና ነገሩ በየቀኑ ዓይኔ ስር ቀረ። አንቱ የምላቸው አፌ ነው እንጂ ሆዴ አይደለም።

እናም ያን ቀን እትዬ ብርቄ ቤት ጥቁሩን ቡችላ ሳይ የሚያስለቅሰው ወዲያው ገባኝ። በርበሬ ነጋዴ አፍንጫዋ ስለለመደው አይታወቃትም። መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፤ ጆንያውን ያንሱት። ያችን ቃል አፌ ውስጥ ይዤ ወደ በሩ ዞርኩ። ወር ሙሉ ሳይተኙ ቢያድሩ ምን ይሆናሉ? ቡችላው ከኋላዬ አስነጠሰ። እሱ ምን አደረገ?

ተመልሼ ጆንያውን ደጅ ወረወርኩት። ሹራቤን አውልቄ አነጠፍኩለት፣ ድንጋይ አሞቅኩ፣ ደረት ማሻሸቱን አሳየኋቸው። «ስሙን ቀስ እያሉ ይጥሩት።»

«መቼ ስም አወጣሁለት?»

«ቡላ ይባላል» አልኳቸው፣ ዓይናቸውን እያየሁ።

«አይ አንቺ! እንዲህ ከሰል የመሰለ ውሻ ቡላ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

«በሌላ ስም ከጠሩት አይተኛም።»

ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ያን ሦስት ሌሊት ከግድግዳው ማዶ ያንን ስም ስጠራ ሰምተውኛል፤ ረስተውታል። ጆንያ የሚያስር ሰው ስም ይዞ ምን ያደርጋል።

ቡችላው የዚያኑ ዕለት ተኛ። አሁን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ «ቡላ… ቡላዬ… ና ተኛ፣ የኔ ጌታ።» ባላቸውን እንኳ እንዲህ ሲጠሩ አልሰማሁም። እናቴ «አሮጊት ናቸው፣ ይቅር በያቸው» ትለኛለች። አልልም። መጀመሪያ ይውደዱት። እሱ ከሌለ እንቅልፍ የማይወስዳቸው እስኪሆን ይውደዱት፤ ያን ጊዜ ሄጄ የማን ስም እንደሆነና ጆንያው ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳስነጠሰ እነግራቸዋለሁ።

ያሰብኩት ይሄን ነው። ከቡላ የቀረኝ ስሙ ብቻ እንደነበር፣ እሱንም በገዛ አፌ እንደሰጠኋቸው ግን አላሰብኩም። ማታ ማታ ስሙ ሲጠራ ከሥራዬ ቀና የምለው እኔ ነኝ፤ ጅራቱን እየቆላ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው።