ዘጠነኛው ገጽ ላይ የተቀበረ ክትፎ

ወልደዮሐንስን ዲላ ውስጥ የማያውቀው ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስለ እንሰት ያስተምራል፤ ከክፍል ሲወጣ ስልኩን ያያል። የሚያየው ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን የሚለጥፉበትን ድረ ገጽ ነው፤ ባልደረቦቹ «የምሁራን ፌስቡክ» ይሉታል። ስንት ሰው ጽሑፍህን እንደከፈተ ይቆጥርልሃል። ወልደዮሐንስ ቁጥሩን የሚያየው እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትዳብስ ነው።

ጽሑፉም አንድ ለእናቱ ነው፤ ስለ ቡናና እንሰት ጉርብትና። ለሱ ሲል ክረምቱን ሁሉ ባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ ሲመላለስ ጭቃው አንድ እግር ቦቲ ጫማውን ዋጠበት፤ ሞተር ሳይክሉንም ሊደግም ሲል መንደሩ በገመድ ጎትቶ ነው ያስጣለው። ታዲያ ይህ ሁሉ መከራ የታየበትን ጽሑፍ የከፈቱት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። አራቱ ራሱ ነው፣ ስልክ እየተዋሰ።

መላውን ያመጣው የጂኦግራፊው መምህር ፈለቀ ነው። «እንዲህ ገበሬ በሞላበት አገር ተቀምጠን ለየብቻ እንቆፍራለን እንዴ? ደቦ እንውጣ!» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ መምህራኑ ስልካቸውን እንደ ዶማ ይዘው ነዚፍ ካፌ ይሰበሰባሉ። ተራ የደረሰውን ሰው ጽሑፍ ሁሉም ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል። ባለተራው ማኪያቶ ይጋብዛል። የወልደዮሐንስ ተራ በደረሰ ቀን ዋይፋዩ ቡና ጭኖ የጨለለቅቱን ዳገት እንደሚወጣ አይሱዙ አቃሰተ። ድረ ገጹም «በዚህ ሳምንት ከአገርዎ እንደ እርስዎ የተነበበ የለም!» ብሎ አበሰረው።

እየፈነደቀ ቤቱ ገባና ለባለቤቱ ለሉሲ አሳያት።

«እሰይ! ታዲያ ምን አሉ?»

«እነማን?»

«ያነበቡት ናቸዋ!»

ወልደዮሐንስ ጽሑፉን ከፈተ፤ እንደ ደቦው መልሶ ዘጋው።

ያች ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችው። አንድ ሰው፣ አንድ የአዳም ዘር፣ እውነት አንብቦለት ይሆን? በማግስቱ ጽሑፉን ከድረ ገጹ አወረደና ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ከሠንጠረዡ ሥር፣ በዚያው በኮስታራ እንግሊዝኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰክቶ መልሶ ጫነው፦ «እዚህ ድረስ ያነበበ ሁሉ ዲላ ላይ በጸሐፊው ክትፎ ይጋበዛል።»

ክትፎው ግን በላተኛ አጣ። ሁለተኛ ዙር ደቦ ወጡለት፤ ቁጥሩ ሰማይ ነካ። ይርጋጨፌ ሆኖ የዲላ ክትፎ የሚሸተው ፈለቀ እንኳ «ድንቅ ሥራ! በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወልደዮሐንስ ያኔ ተስፋ ቆረጠ። ፈለቀ ክትፎ አይቶ ዝም ካለ፣ ዓለም በሙሉ አላነበበም ማለት ነው።

ደቦው ውስጥ አልገባም ያለች አንዲት ሰው ነበረች፤ የአካውንቲንግ መምህሯ ሱመይራ። ሻይዋን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች።

«ሱሚ፣ አንዴ ብትነኪው ጣትሽ ይቆረጣል?» አላት ፈለቀ።

«እኔ ከከፈትኩ ሳልጨርስ አልዘጋም። ጊዜ ስጡኝ።»

«እሷን ለደቦ የጠራ የዘር ጊዜ ያልፍበታል!» አለ ፈለቀ፤ ካፌው በሳቅ አውካካ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሱመይራ ከጥጓ ተነሥታ መጥታ ወልደዮሐንስ ፊት ቆመች።

«ወልዴ፣ ሠንጠረዥህ አልገጥም አለኝ። የእንሰት ዓይነቶቹ ድርሻ ሲደመር ከመቶ መቶ ሦስት ይመጣል።»

ፈለቀ «ይቺ ልጅ ደግሞ...» ብሎ ሳይጨርስ ወልደዮሐንስ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ።

«ሠንጠረዡን አየሽው?»

«ደጋግሜ ደመርኩት እኮ!»

«ተሳስተሃል በይኛ!» ፊቱ እንደ መስቀል ወፍ አበራ።

«ተሳስተሃል። ከሥሩ ያለውንም አይቻለሁ። ለመሆኑ የማን እርድ ነው?»

«የአጎትሽ የዘከርያ ምግብ ቤት ነዋ! አሁኑኑ!»

«የምን እርድ?» አለ ፈለቀ፤ የመለሰለት ግን የለም። ሁለቱ መንገዱን ተሻግረው ነበር።

ዘከርያ ቤት ክትፎው ቀረበ። ሱመይራ በአንድ እጇ እየጎረሰች በሌላው ስልኳ ላይ ግድፈቱን ታሳየዋለች፤ ወልደዮሐንስ እያንዳንዱን ስሕተት እንደ ሽልማት ይቀበላል። ቁጥሩን ማየት ከረሳ ቆይቷል።

ያኔ ፈለቀ እያለከለከ ገባ፤ ስልኩን እንደ ትኬት ዘርግቶ። «ዘጠነኛ ገጽ! ደረስኩ!»

«ስምንተኛው ላይ ምን ይላል?» አለችው ሱመይራ ቀና ሳትል።

ፈለቀ ክትፎውን አየ፤ ስልኩን አየ። ወልደዮሐንስ ወንበር ሳበለት።

«ቁጭ በል ወንድሜ። ከመጀመሪያው ጀምርና ጮክ ብለህ አንብብልን፤ እኛ እየበላን እንሰማሃለን።»