የአባ ኮዳዋ ሸራ

ሐዋሳ ውስጥ የመድረክ ሸራ ቀቢ ሆኜ በተቀጠርኩበት ቀን አለቃዬ የአዳራሹን ቁልፍ ሰጠኝና «ሰዓሊ አትመን» አለኝ። «ንድፉን ጥሎልህ ይሄዳል፤ ሰው ሲስቅ የሚጠየቀው ቀቢው ነው።» ይህን ምክር ብዙ ዓመት ሠራሁበት።

ናሆም የመጣው ጡረታዬ ሲቃረብ ነው። ዘመናዊ ሰዓሊ ነው፤ ለባሌት ትርኢት የመድረክ ሸራ ሊነድፍ መጣ። ምሕረት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዓሣ ገበያው ላይ የሚውለውን ወፍ፣ አባ ኮዳን ሆና ትደንሳለች፤ ጥቁር ክንፍ፣ ነጭ ደረት።

ንድፉን ሳየው ሙሉው ግራጫ ነው፤ ከታች አንዲት ቀጭን ቢጫ መስመር አለች።

«ሌላውስ?» አልኩት።

«አለቀ እኮ፣ ጋሼ።»

አለቀ! ሦስት ቀን ሙሉ ብሩሽ ሳይነካ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልምምድ ሲያይ ነው የዋለው። ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ እያሾፈብኝ ነው አልኩ።

በዚያው ሰሞን ምሕረት፣ ናሆምም ባለበት፣ ጫማዋን እያሰረች «እናቴ ልትመጣ ነው» አለችኝ። «የቤተ ክርስቲያኑን ኳየር ትተሽ ምን ያዘልልሻል ትለኛለች። በሩ ጋ ነው የምቀመጠው፣ ካልወደድኩት እወጣለሁ ብላለች። ጋሼ፣ አንዴ ብታየኝ ይገባታል።»

እኚህ እናት መጥተው ግራጫ ጨርቅ ሊያዩ ነው? አንጀቴ አልቻለም። ናሆም ለአንድ ቀን አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ይኸው ሸሸ ብዬ ደመደምኩ። ክር በጠመኔ አሽቼ ሸራው ላይ መስመር አወጣሁ፤ ሐይቁን፣ ደንገሉን፣ ዳር እስከ ዳር የተሰለፉ አባ ኮዳዎችን ሣልኩ። አማረልኝ። ኮራሁ።

በማግስቱ ናሆም ተመለሰ። ሲጮህብኝ የምመልስለትን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። አልጮኸም። «እስቲ እርስዎ ይምጡ» ብሎ በሩ አጠገብ ካለው መጨረሻ ወንበር አስቀመጠኝ። ሙዚቃው ተከፈተ፣ ምሕረት ወጣች፤ ወዲያው ከወፎቼ መሃል ጠፋችብኝ። ክንፏን ስታነሳ እኔ የማየው የሣልኩትን ወፍ ነበር።

«እናቷ የት ነው የሚቀመጡት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

አፈርኩ። ወፎቼን በገዛ እጄ በግራጫ ቀለም ሸፈንኳቸው። ናሆም በሌላኛው ጫፍ ሮለር ይዞ ረዳኝ፤ ቢጫዋን መስመር ግን ለእኔ ተወልኝ።

በትርኢቱ ቀን መድረኩን አላየሁም፤ እናትየዋን ነበር የማየው። ለመውጣት እንደተዘጋጁ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ተቀመጡ። ምሕረት ግራጫው ላይ ክንፏን ስትዘረጋ ቦርሳውን መሬት አስቀመጡት።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ሸራ ከመንካቴ በፊት መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ልምምዱን አይ ነበር። ይህ ሥራ ከዚያ ይጀምራል።